የአያቴ ገንዳና የሙሽሮች ከንፈር ቀለም

እጄ ቀለም ከመቀባት ስለማያርፍ ብቻ አንድ ሠፈር ሙሉ ከገንዳው የሸሸበትን ሳምንት ላጫውታችሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ስለታም፣ ራሴን ከከተማው ሰው ሁሉ በላይ ብልህ አድርጌ የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ስሜ ፋጡማ ነው። ቤት ውስጥ ፋጤ ይሉኛል፤ እናንተም እንደዚያው በሉኝ።

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ያነሳል፤ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እቀባለሁ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ሰው ግን ራሱን በቀለም ማየት ይወዳል። ስለዚህ በቀጭን ብሩሽ የሙሽራዋን ከንፈር ቀይ፣ ጉንጯን ሮዝ፣ የሙሽራውን ከረባት ሰማያዊ ማድረግ የእኔ ድርሻ ነበር። ከቀበሌ መታወቂያ ፎቶ በስተቀር ከእጄ ሳይቀባ የወጣ የለም። ጋሽ ተፈራ «የድመት ፎቶ ቢሰጡሽም ከንፈሯን ሳትቀቢ አትለቂያትም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከሥራዬ ውጭ አንድ ሱስ ነበረኝ። የአክስቴ ልጅ ከድጃ ኮምቦልቻ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ለመጣል የተቀመጠ፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት አሮጌ ማይክሮስኮፕ አስፈቅዳ ቤቷ ወሰደችው። ከሥሩ ብርሃን የሚመልሰው መስታወት ተሰብሮ ስለነበር የወንድሟን የጢም መላጫ መስታወት አሰርንበት። እሑድ እሑድ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ፤ ከቦርከና ዳር በማርማላታ ብርጭቆ ውሃ እንቀዳና አክስቴ በረንዳ ላይ ፀሐዩን ይዘን እንቀመጣለን። አክስቴ «የሰው ልጆች ወንዝ ወርደው ልብስ ያጥባሉ፤ የእኔዎቹ ቁጭ ብለው ውሃ ያያሉ» ትል ነበር።

ማየቱ አልበቃኝ አለና ፎቶ ላንሳ አልኩ። ጋሽ ተፈራ ሌንሱ የተሰበረ ካሜራ ነበረው። ከዱቄት ወተት ጣሳ ቱቦ ቆርጬ፣ ውስጡን በጥላሸት አጥቁሬ፣ ካሜራውን ከማይክሮስኮፑ አናት ጋር አገናኘሁት። በመጀመሪያው ወር አንድ ጥቁር ቀለበት ያለው ክብ ፍጥረት አግኝቼ፣ በዚያ ፊልም በጠፋበት ዘመን ስድስት ጊዜ አነሳሁት። ከድጃ ፎቶዎቹን አይታ «ይሄ እኮ የአየር አረፋ ነው» አለችኝ። ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት።

ትልቁ ችግር ግን ፍጥረታቱ አለማረፋቸው ነበር። ፎቶው እስኪነሳ ሁለት ሦስት ሰከንድ መቆም አለባቸው፤ እነሱ ደግሞ ሰከንድም አይቆሙም። አንድ ቀን አክስቴ ለሆዷ የዘፈዘፈችውን ተልባ ሳይ፣ ያ ዝልግልግ ውሃው ቢገባ እንደ ጭቃ አይዛቸውም ወይ ብዬ አሰብኩ። በስንጥር ጫፍ አንዲት ጠብታ ጨመርኩበት። ሩጫቸው ቀስ አለ። ያን ቀን ከበረንዳው ተነስቼ ዘለልኩ፤ ተልባን ከእኔ በፊት ለዚህ ያዋለ ሰው በዓለም ያለ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ገንዳው ልውሰዳችሁ። አያቴ ከየመን መጥቶ ደሴ ላይ ቆዳ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። እናቱ እዚያው አገሯ ስትሞት ሊቀብራት አልደረሰም። ያ ነገር ሲቆረቁረው ኖሮ፣ እጁ ገንዘብ ሲይዝ ሠፈራችን መስጊድ በር ፊት ለፊት፣ ሰው ከሶላት በፊት ውዱእ የሚያደርግበት የድንጋይ ገንዳ በስሟ አሠራ። ሰው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥ ሰደቃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ አንድ ሰው በዚያ ውሃ ፊቱንና እጁን ባጠበ፣ ወፍ እንኳ በጠጣች ቁጥር ለእናቱ አጅር፣ ማለት የአላህ ምንዳ፣ ይጻፍላታል። በአዋጁ ትርፍ ቤቶቻችን ሁሉ ሲወረሱ ለአባቴ ከአያቴ የቀረው ያ ገንዳ ብቻ ነበር። ሱቅ ስለሌለው ጧት ጧት ከምንጩ በጎማ ቱቦ ውሃ ይስብና ይሞላዋል፣ ዙሪያውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ የሚታጠበውን ሰው ያያል። አያቱን አይቷት አያውቅም። ሰው ሲታጠብ ሲያይ ግን የሆነ ነገር እያደረሰላት ያለ ያህል ፊቱ ይፈታ ነበር።

አንድ እሑድ ከዚያ ገንዳ ውሃ በብርጭቆ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በዓይኔ መስታወት የመሰለ ውሃ ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ሳደርገው ግን አንዲት ጉድ ብቅ አለች። አናቷ ላይ ሁለት ጎማ የሚሽከረከር ይመስላል፤ በእግሯ አንድ አረንጓዴ ነገር ላይ ተጣብቃ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። በጎማዎቿ ውሃውን እየሳበች የመጣላትን ትውጣለች። «ባለወፍጮዋ» አልኳት፤ በየእሑዱ እየተመላለስኩም እንቁላሏን ስትጥል፣ ልጇም ስትፈለፈል አየሁ። በመጨረሻ በተልባ ያዝኳት፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አነሳኋት፤ ከሕይወቴ ፎቶዎች ሁሉ እንደዚያ ጥርት ብሎ የወጣልኝ አልነበረም።

ጋሽ ተፈራ በትልቅ ወረቀት እንዳሳድገው ፈቀደልኝ። ሳጥበው ግን ሆዷ ገርጥቶ ታየኝ። እጄ ብሩሹን አነሳ። ለሙሽሮች ከንፈር ከምቀባው ቀይ ትንሽ ሆዷ ላይ፣ ትንሽ ደግሞ አንገቷ አካባቢ አደረግሁላት። አማረች። ከሥሩ በጥሩ ጽሕፈት «ከመስጊዳችን ገንዳ፣ በአንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ የተገኘች» ብዬ ጻፍኩና ሰኞ ጧት የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ፣ በሁለት ሙሽሮች መካከል ሰቀልኳት።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ከኩታበርም ከደሴ ዙሪያውም የመጣ ሰው በመስኮቱ ሲያልፍ ይቆማል። አንድ ገበሬ በትሩን ተደግፎ ብዙ ካየ በኋላ «ይች ቀንድ ነው ጎማ ያላት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጎማ» አልኩት። «እህ፣ እንግዲያ መኪና ናት» ብሎ ሄደ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሳስረዳ ዋልኩ። ኩራቴን ባታዩት ይሻላል።

ማክሰኞ ምንም አልሰማሁም። ረቡዕ ዙህር ላይ ምሳ ልበላ ወደ ቤት ስሄድ በገንዳው በኩል አለፍኩ። አዛን ተብሎ ነበር። በዚያ ሰዓት ገንዳው ዙሪያ ሠላሳ አርባ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ መታየት ነበረበት። አባዬ ብቻውን ተቀምጧል። ሰው እያንዳንዱ የየቤቱን ኩስኩስት ይዞ እየመጣ፣ ግድግዳ ጥግ ታጥቦ ይገባል።

«አባዬ፣ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ከትናንት ጀምሮ ነው» አለ። «ሐጂ እንድሪስ ፎቶ አይቶ መጣ። ውሃው ውስጥ ደም ያለበት አውሬ አለ፤ ደም ደግሞ ነጃሳ ነው፤ በነጃሳ ውሃ ታጥቦ የተሰገደ ሶላት የለም አለ። ሰው ሰማው።»

ሐጂ እንድሪስ እህል ነጋዴ ነው። ድምፁ ከገበያ ገበያ የሚሰማ፣ የሚፈራው ነገር ቶሎ የሚታየው ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ለሶላቱ የሚጨነቅ ሰው ነው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ላስከብረው ብዬ...»

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፣ «አባቴ ሲሞት እጄን ይዞ ያለኝ አንድ ነገር ነው። የእናቴ አጅር እንዳይቋረጥባት አለኝ። እነሆ ተቋረጠ» አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሳና ማንም ያልነካውን ሙሉ ገንዳ ዙሪያውን መጥረግ ጀመረ። ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጧት ሁለት መልእክት መጣልን። አንደኛው ከቀበሌ ነው። ገንዳው ከመስጊዱ አጥር ውጭ ስለሆነና ሕዝቡም ስለማይጠቀምበት፣ ሰኞ ተደፍኖ ቦታው ለኅብረት ሱቁ መጋዘን ይሆናል ይላል። ሁለተኛው ከሸኽ አደም ነው። ሸኹ የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። «ጁምዓ ረፋድ ላይ፣ ከሶላት በፊት፣ የሳልህ ልጅ ያየችበትን ዕቃ ይዛ ገንዳው ጋ ትምጣ» ብለዋል፤ ሳልህ የአባዬ ስም ነው።

ፎቶውን ከመስኮት አወረድኩት። ጋሽ ተፈራ ስለ እኔ ከልቡ አዝኖ ነበር። «እኔ የምልሽን ስሚ» አለኝ። «ውሃው የቦርከና ነው፣ ጽሑፉን ስጽፍ ተሳስቼ ነው በያቸው። ማን ያውቃል? በአንድ ቃል ያልቃል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም ቃሉን በሆዴ እየተለማመድኩ ነበር አውቶቡስ ላይ የወጣሁት። ኮምቦልቻ ደርሼ ነገሩን ለከድጃ ስነግራት ፎቶውን ተቀበለችኝና በረንዳው ላይ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

ፎቶውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«እኔ ይችን ስንት ጊዜ አየኋት፤ እንደ ብርጭቆ ናት። ቀባሻት?»

«ጥቂት።»

«በምን?»

«በሙሽሮቹ ቀለም።»

«ፋጤ» ብላ ፎቶውን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰው የፈራው እንስሳዋን ይመስለኝ ነበር። ለካ የፈራው የእኔን ብሩሽ ነው። የቦርከና ነው ብዬ ብዋሽ ደግሞ፣ ገንዳው ውስጥ ያሉት እዚያው አሉ፤ ነገ ሌላ ሰው ቢያያቸው ምን ሊባል ነው? አባዬስ በልጁ ውሸት የቆመ ሰደቃ ምን ያደርግለታል? ከድጃ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ መጣች። ማይክሮስኮፑን በነጠላ ጠቅልለን ቅርጫት ውስጥ አደረግነው። ኬላው ላይ ፈታሹ ገልጦ አየና «ይሄ ምን የሚባል መሣሪያ ነው?» ሲል ከድጃ መታወቂያዋን አሳይታ «የውሃ ማያ ነው» አለችው። «ውሃማ እኔም አያለሁ» አለና አሳለፈን።

ጁምዓ ስንነቃ ደሴ በጉም ተውጣለች። የጦሳ ተራራ ቀርቶ የጎረቤት ጣሪያ አይታይም። የእኛ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ያለ ፀሐይ ዕውር ነው። አራት ሰዓት ላይ ገንዳው ዳር ጠረጴዛ ተደርጎ፣ ሸኽ አደም በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሐጂ እንድሪስ ኩስኩስቱን እንደያዘ ቆሞ፣ ሠፈርተኛው ዙሪያውን ሞልቶ ጠበቀን። አባዬ ከድንጋዩ ላይ አልተነሳም። ብርሃን ይመጣ እንደሆን ብዬ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ አዞርኩት። ውስጡ የጉም ቀለም ብቻ ነው።

«እህሳ?» አለ ሐጂ እንድሪስ።

«ብርሃን የለም ሐጂ። ፀሐይ እስክትወጣ...»

«ፀሐይ ኸኛ ጋ ቀጠሮ የላት።»

ሸኹ «የመስጊዱን ማሾ ፋኖስ አምጡ» አሉ። ማሾው መጣ፤ ረፋድ ላይ ማሾ ሲለኮስ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሳቀ። እየተነፋ እየተነፋ፣ ያ ነጭ ብርሃኑ ቦግ ሲል ከመስታወቱ ፊት አስቀመጥነው። ዓይኔን ዝቅ አድርጌ አየሁ። የማይክሮስኮፑ ክብ ማያ ወለል ብሎ በራ።

ከማሳየቴ በፊት የግድ መናገር ነበረብኝ። ፎቶውን አወጣሁና ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ሸኽዬ፣ እናንተም ስሙኝ። ይህ ፎቶ የዚህ ገንዳ ነው። እንስሳዋ እውነት ናት። ቀዩ ግን ውሸት ነው፤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ቤት ለሙሽሮች ከንፈር የምቀባው ቀለም ነው።»

ሰዉ ተንጫጫ። ከኋላ አንዲት ሴት «የእኔንም ከንፈር ያኔ ያቀላችው እሷ ናት፣ እውነቷን ነው» ስትል ሰማሁ። ሐጂ እንድሪስ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ቀለሙን በእጇ ያመጣች፣ አውሬውንም በእጇ እንዳልሠራችው በምን አውቃለሁ? ሦስት ቀን አስደንግጣን ስታበቃ ዛሬ ቀባሁት ትለናለች። ወላሂ፣ ኸዚህ ልጅ ቃል ምኑን ይዤ ምኑን ልተው?»

እውነቱን ነው። አባዬን አየሁት፤ መሬት መሬቱን ያያል። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም።

ሸኽ አደም «ቃሏን ተወው» አሉት ሐጂን። «ዕቃውን ይዛ መጥታ የለ? እናያለን።» ወደ አባዬ ዞሩና «ሳልህ፣ በገዛ እጅህ ቅዳ» አሉት።

አባዬ ተነስቶ ከገንዳው መሐል በማንኪያ ቀዳ። አንዲት ጠብታ ከማይክሮስኮፑ ሥር በሚገባው ስስ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ አድርጌ ፈለግሁ። ምንም። ጥርት ያለ ውሃ ብቻ። ሁለተኛ ጠብታ፤ እንደገና ምንም። የማሾው ሹሹታ ብቻ ይሰማል። ከድጃ ጆሮዬ ሥር «መሐሉ ላይ የሚይዙት ነገር የላቸውም፤ ከድንጋዩ ጥግ፣ ከአረንጓዴው» አለችኝ። ለአባዬ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ከጥጉ፣ ድንጋዩ ላይ ከተለጠፈው አረንጓዴ ጋር ቀዳልኝ። የተልባውን ጠብታ ጨምሬ ዓይኔን ሳስጠጋ፣ ሦስት ሆነው ጎማቸውን እያሽከረከሩ ቆመዋል። እንባዬ መጣና እነሱኑ መልሼ ለማየት መጥረግ ነበረብኝ።

«ሸኽዬ፣ ይምጡ።»

ሸኹ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አጎነበሱ። ብዙ አዩ። «አየሁ» አሉ። «እንደ ጥቁር ሣር ያለ ነው፤ ይርገበገባል።»

«እሱ ሽፋሽፍትዎ ነው ሸኽዬ። ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ አንደኛውን ዓይንዎን ሳይጨፍኑ።»

ሰዉ ሳቁን አፈነ። እሳቸው ግን ከማንም በፊት ሳቁ። እንደገና አጎነበሱ። ትንሽ ቆይተው ሳቃቸው ጠፋ። ትከሻቸው ፀጥ አለ። «ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸውን ሳያነሱ እጃቸውን ወደ ሐጂ እንድሪስ ዘርግተው ጠሩት። ሐጂ አየ። ኩስኩስቱ ከእጁ ላይ ዘመም ብሎ ውሃው እግሩ ላይ ሲፈስ እንኳ አላወቀም።

«ደሙን አየኸው?» አሉት ሸኹ።

«ደም የለም» አለ ሐጂ። «ውስጧ ሁሉ ይታያል። እንደ መስታወት ናት።»

ሸኽ አደም ተመልሰው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ፋጡማ፣ የምጠይቅሽን ያየሽውን ያህል ብቻ መልሺልኝ። ከውጭ የገቡ ናቸው፣ ወይስ እዚያው ይወለዳሉ?»

«እዚያው ነው ሸኽዬ። እንቁላሏን ስትጥል አይቻለሁ፤ ልጇም ስትፈለፈል አይቻለሁ።»

«በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ደም ያለበት አጋጥሞሽ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«ሳልህ፣ ውሃህ ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው ተለውጦብሃል?»

አባዬ «ዛሬ ጧትም ጠጥቼዋለሁ» አለ።

ያኔ ነው ሐጂ እንድሪስ ያልተጠበቀ ነገር ያደረገው። ኩስኩስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የእኔንም እዩልኝ» አለ። ከቤቱ በርሜል የቀዳው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲታጠብበት የከረመ ንጹሕ ውሃው መሆኑ ነው። አንዲት ጠብታ አደረግሁ። አየሁ። ዓይኔን አነሳሁና ምን እንደምለው ጨነቀኝ።

«ተናገሪ» አለኝ።

«ሐጂ፣ የእርስዎ ውስጥ ብዙ ናቸው።»

ሰዉ ሊስቅ ሲል ፊቱን አይቶ ተወው። አንዱ ከኋላ «እንግዲያ የቱ ውሃ ሊቀረን ነው? የሰገድነው ሁሉስ?» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ፍርሃቱ ከገንዳው አልፎ ወደየቤቱ ሊገባ ሲል ይታየኝ ነበር። አሁን ደግሞ የባሰ አመጣሁ አልኩ በሆዴ። ሸኽ አደም በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«ዓሣ ባሕርን አያረክስም» አሉ። «ውሃ ውስጥ ተወልዶ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ደም የሌለው ፍጥረት ውሃውን ነጃሳ አያደርገውም። ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ንጹሕ ነው። ይህን አዲስ አልነገርኳችሁም፤ ልጆች ሆናችሁ ያስተማርኳችሁ ነው። ዛሬ የጨመርነው ነገር ቢኖር አላህ በአንድ ጠብታ ውስጥ የሠራውን ማየታችን ነው።»

ከዚያ ተነሱ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ገንዳው ዳር ቁጭ አሉ፣ በዚያ በቀዝቃዛ ጉም ውስጥ እጃቸውን አጠቡ፣ ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን አጠቡ። ከአጠገባቸው ሐጂ እንድሪስ ቁጭ አለ፤ የኩስኩስቱን ውሃ መሬት ላይ አፍስሶ በገንዳው ታጠበ። ከዚያ በኋላማ ሰዉ ተጋፋ። ከገንዳው የቀረው ደግሞ በማይክሮስኮፑ ለማየት ተሰለፈ። ሰልፉ ከመስጊዱ በር አልፎ እስከ ዋናው መንገድ ወጣ። መንገደኛው ሰልፍ ሲያይ ከኋላ ይቆምና «ስኳር ነው ሳሙና?» ብሎ ይጠይቃል። «ውሃ ነው» ሲባል ተናዶ የሄደም አለ፤ ቆይቶ አይቶ፣ ልጁን ሊያመጣ ቤቱ የሮጠም አለ። የቀበሌው ተላላኪ ቦታውን ሊለካ ሜትሩን ይዞ መጥቶ ነበር። እሱም ተሰለፈ። ተራው ደርሶ ካየ በኋላ ሜትሩን ኪሱ ከቶ ሄደ፤ ስለ መጋዘኑ ከዚያ ወዲያ ያነሳብን የለም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ገንዳው ወለሉ ታየ። ደርቆ ነው፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ረፋድ ታጥቦበት አያውቅም ነበር። አባዬ እስከ ክርኑ ርሶ፣ ቱቦውን እየጎተተ «ፋጤ፣ ያዥልኝ፣ ለከሰዓቱ የአሱር ሶላት መድረስ አለብን» ሲለኝ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ነበር። አብሬው ሳብኩ። ቱቦው ውሃ ሲተፋ ሁለታችንም ላይ ረጨን።

ሐጂ እንድሪስ ማምሻውን ፎቶ ቤት መጣ። የበርሜሉን ፍጥረታት ፎቶ ለቤቱ እንዳነሳለት ለመነኝ። «አረንጓዴ አድርጊልኝ» አለ። በሥራ ሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀባም አልኩ። ጋሽ ተፈራ ከመገረሙ የተነሳ ሻዩን ረሳው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ያ ሳምንት ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ የሙሽሮችን ከንፈር መቀባቴን አልተውኩም፤ እንጀራዬ ነበር፣ እነሱም ያውቁታል። ከውሃ ውስጥ ያወጣሁትን ግን አንድም ቀን በብሩሽ ነክቼው አላውቅም። የከድጃ አለቆች ሰምተው ለማስተማሪያ የሚሆን ፎቶ እንዳነሳላቸው አስጠሩኝ፤ ከዚያ አስተማሪዎች ጠየቁኝ፤ የእኔ የገንዳ ነፍሳት በደሴም በኮምቦልቻም በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። የውሃ ፎቶ አንሺ የሚል ስም ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ኖርኩበት። አንድ ነገር ሠርታችሁ ሰው ካልወደደላችሁ ጥቂት ልጨምርበት፣ ጥቂት ላስውበው የምትሉበት ሰዓት ይመጣል። ያኔ እኔን አስቡኝ። የጨመርኳት ቀይ ከአንድ ብሩሽ ጫፍ አትበልጥም ነበር፤ አንድ ሠፈር አስደነገጠች። እውነቱን ብቻ ባሳየኋቸው ቀን ግን ተጋፍተው አዩልኝ።

የአባዬን ነገር ግን አልጨረስኩላችሁም። በዚያ ሁሉ ግርግር ሁሉም ሲያይ እሱ አላየም ነበር። ቅዳሜ ጧት ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ ሲወጣ፣ ገንዳውን ሞልቶ ጨርሶ ማይክሮስኮፑን ዳር ወደዘረጋሁበት ጠረጴዛ መጣና «ለእኔም አሳዪኝ» አለኝ። ከጥጉ ቀዳሁለት። አጎንብሶ ቆየ።

«ይችኛዋ ምን እያደረገች ነው?»

«ውሃውን ወደ አፏ እየሳበች ነው። ትጠጣለች፣ ትበላለች። ኑሮዋ እዚያው ነው።»

«ገንዳው ውስጥ ስንት ይሆናሉ?»

«ቁጥር የላቸውም አባዬ።»

ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም። ገንዳው ዳር የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች መታጠብ ጀምረው ነበር፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። እሱ ግን የሚያስበው ስለ እነሱ አልነበረም። ከእኔ ይልቅ ለማያውቃት ለአያቱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «እንግዲያ በእነዚያ በሦስቱ ቀናትም አልተቋረጠባትም» አለ።